በራሴ ለቅሶ የተቀመጥኩ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ መናኸሪያ ደጃፍ ቆሜ ወደ ዳባት የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከዘራ የያዘ አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወርዶ አልፎኝ ከሄደ በኋላ ተመለሰና ትክ ብሎ አየኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ የፈንታነሽ አጎት አይደሉም?" አለኝ። ድምፁን ስሰማ አወቅሁት። አቶ ዳኘው ነው፤ ያን ጊዜ ችግረኛ ልጆችን ይረዳ በነበረው ድርጅት ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ልጆች የሚመርጠው የዳባቱ ሰው። ያ ሁሉ ጥቁር ጠጉሩ የት እንደገባ እንጃ፣ የፊት ጥርሱም ሳስቷል፤ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዘንበል የሚያደርጋት ነገር ግን እንዳለች አለች። እኔ የፈንታነሽ አጎት አይደለሁም። ፈንታነሽን የወለድኳት እኔ ነኝ። ድርጅቱ ከደባርቅ ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ ዛሬ እውነቱን ብናገር የሚከለክለኝ የለም፣ የሚቀርብኝም ነገር የለም። ግን አፌን ከፈትኩና "ነኝ፤ እንዴት ከረሙ አቶ ዳኘው?" አልኩት።

እሱ ደስታው ሌላ ነው። ለሥራ ሩቅ አገር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ መመለሱን ነገረኝ፤ ስለ ልጅቱም ጠየቀኝ። ነርስ ሆናለች፣ አግብታ ዳባት ነው የምትኖረው፣ ወልዳለች፣ አሁንም ልጠይቃት እየሄድኩ ነው አልኩት። "ይህን ወንድምዎ አይቶት ቢሆን!" አለና ከዘራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። "እርስዎን የመሰለ አጎት እኮ በዚያ ሁሉ ዓመት አላየሁም። ለስንት ሰው ነው የማወራልዎ!" እኔም እንደ ደንቡ አንገቴን ሰበር አድርጌ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ረዳቱ ዳባት ዳባት እያለ ሲጮህ ተሳፈርኩ፤ ፊቴ እንደጋለ ነው ዳባት የደረስኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ አይታኝ "አባቴ፣ አመመዎት እንዴ? መስኮቱን ልክፈትልዎ?" ብላኛለች። የሰው ልጅ በነጻ አባቴ ትለኛለች።

ነገሩ የተጀመረው መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ነው። እኔ ወታደር ነበርኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ከወዲያ ከሰሜን በእግሬ መጥቼ፣ በዛሪማ አድርጌ፣ ሊማሊሞን እንደ አሮጊት በቅሎ እያረፍኩ ወጥቼ ደባርቅ ገባሁ። ሀብቴ ለብሼው የመጣሁት ካፖርት ነበር። ጥሩ ካፖርት ነበር፤ አንገቱን ሲያቆሙት ጆሮ ይሸፍናል። ብቻ የተበተነ ወታደር ያን ጊዜ የሚታዘንለት ፍጥረት አልነበረም፤ ልጆች ከኋላዬ እየተከተሉ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ይሉብኝ ነበር፤ ትልልቆቹም ሲስቁ አያለሁ። ወንድሜ ሙላት አብሮኝ ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ለሱ በአገር ቤት ተለቅሶ፣ ተዝካሩም ወጥቶ አልቋል፤ ልጅ አልነበረውም። የገጠሩ መሬታችን እኔ በሌለሁበት ለሌላ ተሰጥቷል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ፈንታነሽን ይዛ ከተማው ጫፍ፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ፣ እንደኛ መሬት ያጣው ሁሉ ከሰፈረበት ቦታ ጠበቀችኝ።

ጨረቃ ቤት ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ቀበሌ ሳያይ በጨረቃ ተሠርቶ የሚያድር ቤት ስለሆነ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው የተቀጠቀጠ የዘይት ቆርቆሮና ላስቲክ፤ ላስቲኩ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበታል። ሰፈሩን ሰው ጉም ሰፈር ይለው ነበር። የደባርቅን ክረምት የማያውቅ ሰው ጉም ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከገደሉ ተነሥቶ ይመጣና በበር ይገባል፣ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ያጠቡት ልብስ ሳምንቱን አይደርቅም። ጎረቤት ጎረቤቱን በሳሉ ነበር የሚለየው። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ጀምረውበታል፤ ባለፈው ሳልፍ አንድ ሻሂ ቤት ቁጭ ብዬ የቤታችን በር በየት በኩል እንደነበር ላገኘው ብል አቃተኝ። አስተናጋጇን ብጠይቃት "እኔ እንጃ፣ እዚህ ሰፈር ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ከተማው ግን ለሚያየው ሰው ደስ ይል ነበር። ዳቦ በስሙኒ ይገዛል፣ ደህና የጦፈ ሻሂም እንደዚያው፤ ቅዳሜ ገበያ ከጃናሞራ በኩል የሚመጣው ገበሬ በጉን እየነዳ ሲገባ መንገዱ ሁሉ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ሰልባጅ የገባ ሰሞን ሴቱ ሁሉ ክምሩ ላይ ወድቆ ይመርጣል፤ አንድ ዓመት የፈረንጅ የሙሽራ ጓንት ብቻ የተሞላ ጆንያ መጥቶ፣ የጉም ሰፈር ሴት ነጭ ጓንት አድርጋ እንጨት ስትለቅም ከርማለች። ወንዱ በረባሶ ነው፤ ጎማውን የሚቆርጡት ሰውዬ ከመስጊዱ ማዶ ጥግ ነበሩ፣ እግርህን መሬት ላይ አስቀምጠው በከሰል ያሰምሩልሃል። ከገበያው አፍ ላይ ያለው ካሴት ቤት የማሲንቆ ዘፈን ሲለቅ እኛ ተሸካሞቹ ጆንያውን እንደተሸከምን ትከሻችንን ነቅነቅ እናደርግ ነበር። ሥራዬ እሱ ነበር፤ ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ ገብስ ከመኪና ማውረድ። መኪና የመጣ ቀን እንበላለን። ያልመጣ ቀን ጥሩወርቅ ድስቱን ከፍታ ትዘጋዋለች።

ፈንታነሽ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ክፍል ውስጥ ወድቃ በሰው ጀርባ መጣች። በሽታ መስሎን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየና "ይቺ ልጅ ዛሬ ምን በላች?" አለ። ጥሩወርቅ መሬት መሬት አየች። እኔም የካፖርቴን ቁልፍ ያዝኩ። "አብሏት" አለ እንጂ ሌላ መድኃኒት አላዘዘልንም።

ድርጅቱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ግቢ ተከራይቶ ለልጆች ምሳ ያበላል፣ ያስተምራል፣ ያሳክማል፣ ልብስ ይሰጣል ተባለ። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ እንደ ሰርግ ቤት ሆነ። ቆይቶ ግን የሚወሰዱት አባት የሌላቸው ልጆች ብቻ ናቸው የሚል ወሬ መጣ። እኔ ያን ጊዜ በራችን ላይ ተቀምጬ በረባሶዬን እየጠገንኩ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የሰፈሩን ሴቶች እድር የምትመራዋ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ከፊቴ ቆመች።

"እንግዲህ ካሳዬ፣ አትቆጣኝ" አለች። "በዚህ ሰፈር ካሉት ልጆች እንዳንተዋ የከሳች የለች። አባት የሌላቸው የነ እንትና ልጆች እኮ አያት አላቸው፣ አክስት አላቸው። ያንተን ልጅ የሚያስቀራት አንተ ነህ።"

"ምን አደረግኋት?"

"አለሃ! ምን ታደርጋት?" አለችኝ።

ጥሩወርቅ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። "ኧረ በማርያም! በቁም ያለ ሰው ሞተ ይባላል እንዴ? ሟርት አይደለም ወይ? ስንቱን ጦርነት አልፎ የመጣን ሰው በአፌ ልግደለው?" ብላ ማንጠግቦሽን ልታባርራት ደረሰች። ማንጠግቦሽ ግን ንቅንቅ አላለችም። "ልጅቱን በአፍሽ ከመግደል ይሻላል" አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የሚገርመው አልተቆጣሁም። እንዲያውም ቅልል አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከዘመቻ ከተመለስኩ ወዲህ ለዚያ ቤት የሚጠቅም ነገር ታዘዝኩ ብባል የመጀመሪያው ነበር። "በሉ እንግዲህ፣ ሞቻለሁ" አልኩና ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ የተስማማነው የድርጅቱ ሰው በመጣ ቁጥር እኔ ባሕር ዛፉ ውስጥ ልገባ ነው። ጥሩወርቅም ከል አቅልማ ለበሰች፤ ፈንታነሽም አባትሽስ ስትባል ሞቷል እንድትል ተነገራት። ልጅ ነገር ቶሎ ትይዛለች፤ ሲያስጠኗት ግድግዳው ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። አቶ ዳኘው ግን ቀጠሮ የሚያከብር ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ይመጣል ሲባል ሰኞ መጣ፤ እኔን ደጃፍ ላይ እንጨት ስፈልጥ አገኘኝ። "ይህስ ማነው?" ሲል ጥሩወርቅ አፏ ተሳሰረ። ማንጠግቦሽ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ "የሟች ወንድም ነው፤ ሙላት ይባላል። የወንድሜን ልጅ ላሳድግ ብሎ መጣ" አለች። በዚያች ቅጽበት የሞተው ወንድሜ ተነሣ፣ እኔ ተቀበርኩ። ደባርቅ ላይ ዛሬም ግማሹ ሰው ጋሽ ሙላት ነው የሚለኝ።

አቶ ዳኘው ባርኔጣውን አወለቀ። "ሟች መቼ ነው ያረፈው?" አለ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። ጥሩወርቅ ፈርታ ነበር፤ ቀድሞ ነው ብትል ለቅሶው ሳይሰማ እንዴት ቀረ የሚል መሰላት። "ጦር ሜዳ ነው የቀረው፤ መርዶው ገና አሁን ነው የመጣ፤ በዚህ ሳምንት" አለች። የዋህ ውሸት ነው፤ ግን የኛ አገር ሰው መርዶ ገና መጣ ሲባል ወግ እንዳለው ዘነጋችው። አቶ ዳኘው ደረቱን በእጁ ይዞ "እንግዲያ እኔስ ባዶ እጄን ምን ላደርግ መጣሁ! እግዜር ያጥናችሁ። ነገ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ለቅሶ እንደርሳለን" ብሎ ሄደ። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ አዝናለሁ ብሎ በዚያው በቀረልን። ዳኘው ግን የዳባት ልጅ ነው፤ መርዶ የመጣበትን ቤት አልፎ መሄድ አይሆንለትም።

እንግዲህ ለቅሶ ለቀስተኛ ይፈልጋል። እንግዶቹ መጥተው ባዶ ቤት ቢያገኙ ጉዱ ይወጣል። እትዬ ማንጠግቦሽ ሰፈሩን ዞራ ነገረች፤ በማግሥቱ ጉም ሰፈር በሙሉ እኛ ደጅ ነበር። ጉዝጓዝ ተጎዘጎዘ፣ ከጠላ ቤቶቹ አግዳሚ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሁሉም እኔን እያየ፣ ሁሉም የእኔን ነፍስ ይማር እያለ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሲያልፍ ጆሮዬ ሥር "ካሳዬ፣ ደህና ሰው ነበርክ" እያለ ይቀልድብኛል። እኔ የሟች ወንድም ነኝና ከወንዶቹ መካከል ከፊት፣ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡ፤ ጥሩወርቅ ሄዳ እግራቸው ላይ ወድቃ ነገሩን ሁሉ ነግራቸዋለች። ወደ እኔ ጠጋ ብለው "በቁም ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም፣ አትድከሙ" አሉኝ። "ለሞተ ግን እጸልያለሁ።" ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነውና፣ ገብረ ሥላሴ ብለው ጸለዩ። የወንድሜ የሙላት የክርስትና ስም ነው። እንግዶቹ ደርሰው ቢሰሙ እንኳ የትኛው ወንድም እንደሆነ በምን ያውቃሉ። እኔ አውቄ ጋቢዬ ውስጥ አቀረቀርኩ።

አቶ ዳኘው ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስኳርና ዳቦ ይዞ ደረሰ። እነሱ ሲገቡ እትዬ ማንጠግቦሽ ሙሾውን አነሣችው። አቤት ያቺ ሴት! እኔን እያየች እኔን አለቀሰችኝ። ጀግናው አለች፣ ቸሩ አለች፣ ለልጁ የሚሳሳ፣ ሚስቱን ቀና ብሎ የማይናገር፣ ሁሉን አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎ አመስግኖኝ አያውቅም። መጀመሪያ የሴቶቹ ለቅሶ ለወጉ ነበር፤ በኋላ ግን ያ ሁሉ የራሱ ሟች የነበረው፣ የራሱን ያላለቀሰ ሰው፣ በእኔ አሳቦ እውነቱን ማልቀስ ጀመረ። ጥሩወርቅ ደረቷን ስትደቃ አየሁና እኔም ተነፋረቅሁ። አቶ ዳኘው መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

"አይዞዎት ጋሽ ሙላት" አለኝ። አጠገቤ ተቀመጠና "እንዴት ያለ ሰው ነበር ወንድምዎ?" አለ።

ይህን ሳልዘጋጅበት ነው የተጠየቅሁት። ስለ ሙላት እንዳልናገር የልጅቱ አባት እሱ አይደለም። ስለ ራሴ ደግሞ ምን ልበል? "ለቤቱ ያልሆነ ሰው ነበር" አልኩ። "ሲሄድም አልጠቀማቸው፣ ሲመጣም አልጠቀማቸው።" አቶ ዳኘው ግንባሩን ቋጠረና "የሞተ ሰው እንዲህ አይባልም" ብሎ ገሠጸኝ። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ አቀረቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ፈንታነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ የመጣችው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ፈርታ፣ እንደ ልማዷ ጋቢዬን ገልጣ ልትገባ ነው። አቶ ዳኘው ራሷን ዳበሰና "አይዞሽ የኔ እመቤት። ይህ ማነው?" አላት፣ ወደ እኔ እያመለከተ። ለምን እንደጠየቀ እንጃ፤ ልጅ ለማጫወት ይመስለኛል። ልጅቱ እናቷን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ንፍሮ የምታዞረዋ ሴት ቆማ ቀረች። ፈንታነሽ የጋቢዬን ጫፍ ለቀቀችና "ጋሼ ናቸው" አለች። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የምትለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ልጄ በመጎበዟ ደስ ብሎኝ፣ በዓይኔ ጠቀስኳት።

ተቀበሏት። በሳምንቱ ምሳ በላች፤ በወሩ ጉንጯ ሞላ። አረንጓዴ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ሸራ ጫማ ሰጧት፤ ጫማውን ስትተኛ ትራስጌዋ ታስቀምጠዋለች። ማታ ማታ የበላችውን ትነግረናለች፤ ዛሬ ሩዝ ነበር፣ ዛሬ እንቁላል ነበር፣ ስትል እኔና ጥሩወርቅ አብረን እንደበላን ሁሉ አፋችን ምራቅ ይሞላል። "ሰው ከሌለ አባዬ እልሃለሁ አይደል?" አለችኝ በመጀመሪያው ሰሞን። አዎ አልኳት። ግን ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ገበያ መካከል አባዬ ብላ ጠርታኝ አንዲት የድርጅቱ ምግብ አብሳይ ዞር ብላ አየችን፤ ከዚያ ወዲህ ጥሩወርቅ እንቅልፍ አጣች። ስለዚህ ቤትም ውስጥ ጋሼ ይሻላል ተባለ፣ እንዳይሳሳታት። ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ።

እኔም አጎትነቱ ዕድሌን ከፈተው ማለት ይቻላል። አባት ሆኜ ሳለ የተበተነ ወታደር፣ ሥራ ፈት፣ ሰካራም ሳልሆን ሰካራም እባል ነበር። አጎት ስሆን ጻድቅ ሆንኩ። ያው ጆንያ ነው የምሸከመው፣ ያችው ልጅ ናት፤ ብቻ አሁን "የወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ" ነኝና የእህል ነጋዴው ሳይቀር ቀድሞ እኔን ይጠራኛል። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጣች አንዲት የፈረንጅ ባልቴት ታሪኩ ተተርጉሞላት እጄን በሁለት እጇ ይዛ እንባ ባቀረረ ዓይን አመሰገነችኝ። ያሳደግኋት የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ምስጋናውን በወደድኩ። አባት ለወለዳት ልጅ የሚያደርገውን ኢምንት ነገር አድርጌ፣ አባት ስላልሆንኩ ተመሰገንኩ። ከእጇ እጄን ሳስለቅቅ የሙላት ፊት ይመጣብኛል፤ እሱ ዝም ብሎ ከሚተኛበት ስሙን አንሥቼ እለብሰዋለሁ። የራሴ ካፖርት እንኳ አልቆብኛል፤ ለፈንታነሽ ብርድ ልብስ ሆኗል።

በየዓመቱ የወላጆች በዓል ይደረግ ነበር። ጥሩወርቅ ከል ለብሳ፣ እኔ ከሷ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ የወንድሙን ሚስት አገባ እንዳይባል ያሳስበን ነበርና። ቤታችን አንድ፣ መደባችን አንድ፣ ከደጅ ስንወጣ ግን እኔ ለሷ ዋርሳ፣ የባል ወንድም ነኝ። ሁለተኛ ልጅ ሳንወልድ የቀረነውም በዚሁ ነው። ጥሩወርቅ አንድ ቀን "ባሏ ሞቶባት ሆዷ ገፋ ቢሉኝ ምን እላለሁ?" አለችኝ፤ ልብስ እያጠበች ነበር፣ ቀና ብላም አላየችኝ። ያጠበችውን ተቀብዬ አሰጣሁ።

ዓመታቱ ሄዱ። ፈንታነሽ ረዘመች፣ ጎበዘች፣ ጎንደር ሄዳ የነርስነት ትምህርቷን ያዘች። ድርጅቱ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ግቢውን አስረከበና ሄደ። አቶ ዳኘውም ሌላ ሥራ አግኝቶ ራቀ። መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ካሴት ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆነ፣ በረባሶ የሚቆርጡት ሰውዬ አረፉ። ጨረቃ ቤቶቹ ሲፈርሱ ለኛም በቀበሌ በኩል ትንሽ ቦታ ደረሰን። ከእንግዲህ የምንፈራው ነገር አልነበረም። ጥሩወርቅ ከሉን አውልቃ ምድጃ ማንደጃ አደረገችው። እኔ ግን እጠብቅ ነበር። ልጄ ለዕረፍት ከጎንደር ስትመጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ አንገቴን አቅፋ አገላብጣ ትስመኛለች፤ "ጋሼ፣ ከሳህብኝ" ትለኛለች። ጥሩወርቅ ከጀርባዋ ሆና በዓይኗ ንገራት ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? አባት ልጁን አባቴ በይኝ ብሎ ይለምናል? ያፈርኩት ቃሉን ካፏ ስላጣሁት ብቻ አይደለም። ካፏ ያወጣሁት እኔ ሆኜ መልሺልኝ ማለቱ ነው ያሳፈረኝ።

በኋላ የዳባት ልጅ ወደዳት፤ መምህር ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን የነገረችን እሷው ናት። በማግሥቱ ሊመጡ፣ እኔና እሷ ደጅ ላይ ገብስ እያበጠርን ሳለ እንደ ቀልድ አድርጌ "እንግዲህ ምን ልበላቸው?" አልኳት። ልቤ የት እንደነበር እግዜር ያውቃል። ሰፌዱን ማወዛወዝ አላቆመችም። "እሱም ቤተሰቦቹም የሚያውቁት ያንኑ ነው ጋሼ" አለች። "አቶ ዳኘው ጎረቤታቸው ነበር፤ ስላንተ ያላወራላቸው የለም። አሁን ውሸት ነበር ብንል እኔን ምን ይሉኛል? እንደለመድነው ይሁን።" ልጄ ፈርታለች። እሷን ማን አስለመዳት? "ልክ ነሽ" አልኳት።

ሽማግሎቹ መጡ፤ ነጫጭ ለብሰው፣ ጥሩ ጥሩ ሰዎች። ተቀመጡ ብንላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ከተቀመጡ በኋላም ዝምድና እንዳይኖር ትውልድ መቁጠር ግድ ነው፤ ሰባት ቤት ድረስ። ታላቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና "ስምዎን ዳባት ላይ በደግ እንሰማለን። የሟች አባቷ ስም ማን ይባላል?" አሉኝ።

"ካሳዬ" አልኩ።

"ነፍስ ይማር" አሉ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ብድግ ቁጭ ብለው።

"አሜን" አልኩ።

ጥሩወርቅ ከጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ስትሰብር ሰማሁ። ቀጥዬ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን ስም ቆጠርኩ፤ ሁሉንም በትክክል ቆጠርኩ፤ ዝምድና አልተገኘም። ፈቀድኩ። በአባቷ ፈንታ ሆኜ ልጄን ሰጠሁ። እነሱም ሲወጡ ታላቁ ሽማግሌ ወደ ኋላ ቀርተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከለከልኳቸው።

ሰርጉ የሆነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ የቀድሞው ጉም ሰፈር ሁሉ መጥቷል፤ እትዬ ማንጠግቦሽ አርጅታ በሰው ተደግፋ ከፊት ተቀምጣለች። ያ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ውለታቸው ከብዶኝ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ከዳባት የመጡት ሚዜዎች እየጨፈሩ ሙሽራዋን ሊወስዱ ሲነሡ ጉልበት መሳም ደረሰ። ጥሩወርቅና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ፊት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ያ የመጀመሪያችን ነው። ፈንታነሽ ነጭ ለብሳ መጣች። የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ ተላቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

ተንበርክካ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ቶሎ አልተነሣችም። ከበሮው ይመታል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ የሙሽራው አባት ከአጠገቤ ቆመዋል። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። ጎንበስ አልኩ፤ እንድመርቃት የምትጠብቅ መስሎኝ ነው። አፏ ጆሮዬ ሥር ነበር።

"አባዬ" አለችኝ። "አባዬ፣ ይቅር በለኝ።"

ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል ሰማሁ። ሰምቼ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ቀና ብዬ የሙሽራውን አባት አየሁ፤ ሰምተው እንደሆነ።

"ቀስ በይ ልጄ" አልኳት። "ይሰሙሻል።"

ራሷን ከጉልበቴ አነሣች። ለጥቂት ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ቀሚሷን አስተካክላ ቆመች፣ ዳባቶቹ በሙሉ በሚሰሙት ድምፅ "እሺ ጋሼ" አለችኝና ሄደች።